ስንጥር ያለበት ገንፎ

ባለፈው ሰሞን ለዘመድ ተዝካር ወረታ ሄጄ ነበር። ከመኪና ወርጄ ወደ ድሮው ሰፈራችን በሚያስገባው መንገድ ሳዘግም አንዲት ጠላ ጠማቂ ደጇ ላይ እሳት አንድዳ ገብስ ትቆላለች። ሽታው ገና ከሩቅ ተቀበለን። አብራኝ የነበረችው የአጎቴ ልጅ «እሰይ! እንዴት ያውዳል!» ብላ አየሩን ሳበችው። እኔ ግን እጄ ሳላዘው ሆዴን ያዘ። በነጠላዬ አፍንጫዬን ሸፍኜ ለማለፍ ስጣደፍ ሴትዮዋ አየችኝ።

«ምነው እመቤት፣ ምን ሸተተሽ?» አለችኝ ቆጣ ብላ።

ምን ልበላት? እርምጃዬን አፍጥኜ አለፍኩ። ከኋላዬ ስታጉረመርም ይሰማኛል። አይፈረድባትም፤ ገብስ ሲቆላ አፍንጫውን የሚይዝ ሰው አይታ አታውቅማ።

እኔ ጠርጣራ ሰው ነኝ፤ አልደብቅም። ሰው ቤት ገብቼ «ይሄ በምን ተፈጨ? ምን ገባበት?» ሳልል አልጎርስም። «ኩሩ ናት» ይሉኛል፣ «ሰው ትንቃለች» ይሉኛል። ይበሉ! ሞቴ ከማን እጅ እንደሚመጣ ስጠባበቅ የከረምኩበትን ያን ዓመት እነሱ አልኖሩትም።

ሃምሳዎቹ ገና መግባታቸው ነው፤ እኔም ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። እናቴን ያጣኋት ሳላውቃት ነበርና ያሳደገችኝ የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ስመኝ ናት። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወጣላት፣ እጇ ፈጣን፣ ምላሷ ደግሞ ከእጇ የፈጠነ ሴት ነበረች። ማጀቱም ጎተራውም እኔም በእሷ ትእዛዝ ሥር ነበርን። አባቴ አለነ ግን ከከብቶቹ በቀር ከማንም ጋር ብዙ የማያወራ ገበሬ ነው። ክረምቱ ሊገባ ሲል ያ ዝምተኛ ሰው እህቱን እንኳ ሳያማክር ወደ አንበሳሜ ሽማግሌ ላከና ሚስት አግብቶ መጣ።

ብርቄ ትባላለች። ረጅም፣ ጠይም፣ አንገቷን ከአገጯ ጀምሮ በንቅሳት ያሳመረች ሴት ናት። የመጣችውም ባዶ እጇን አልነበረም። እኛ ቤት የሚበላው ጤፍና ዳጉሳ ነው፤ የእሷ ዘመዶች ግን ደጋ ስላላቸው ስንዴና ገብስ በአህያ አስጭና መጣች። ገና በሳምንቷ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ይቺ ልጅ ቀጠን ብላለች፤ ገብስ ነው የሚያጠናት» አለች። ጠዋት የገብስ ገንፎ በቅቤ፣ ቀን ዳቦ፣ ማታ በሶ በማር። ደስ አለኝ። ማን ይጠላል?

ክረምቱ ገባ። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ውሃ አለበሰው፤ ከብቱ ወደ ከፍታው ወጣ፤ እኛም ቤት ውስጥ ታጎርን። ሆዴ መነፋት የጀመረው ያኔ ነው። እግሮቼ እየሰለሉ ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ተቅማጡ አላቆም አለ፤ ሽታውን እኔው ራሴ እሸሸው ነበር። አፌ ቆሰለ፣ ጠጉሬም በማበጠሪያው እየተነቀለ ወጣ። ብርቄ ደነገጠች። በደነገጠች ቁጥርም ገንፎውን ታበዛዋለች። ሕመምተኛ በምን ይጠናል? በገብስ! አራስ በገንፎ፣ መንገደኛ በበሶ፣ የታመመ በአጥሚት ነው የሚነሣው፤ ይህን የማያውቅ ማን አለ? «ገብስ የእህል ንጉሥ ነው፣ ዋጥ አድርጊው» እያለች ታጎርሰኛለች። እኔም እውጣለሁ፤ ደግሞም እታመማለሁ።

አክስቴ ስመኝ ነገሩን ከዳር ሆና ስታየው ቆየች። ማጀቱን ለብርቄ ካስረከበች ወዲህ መደቡ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች፤ ዓይኗ ግን ከብርቄ እጅ አይነቀልም። ስሟን አንድ ቀን ጠርታት አታውቅም፤ «ይቺ ሰው» ነው የምትላት። አንድ ቀን ብርቄ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ እንዝርቷን አስቀመጠችና ጠራችኝ።

«እናኑ፣ ነይ እስቲ። ከማን እጅ በልተሽ ነው የሚያምሽ?»

አሰብኩ። «ከእትዬ ብርቄ።»

«ይቺ ሰው ሳትመጣ ያምሽ ነበር?»

«ኧረ አያመኝም ነበር።»

«በቃ» አለች። ከዚያ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ፣ «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር። ሰምተሻል? ለማንም እንዳትተነፍሺ፤ ዓይንሽን ግን ክፈቺ» አለችኝ።

እኔ ደግሞ የተባልኩትን የማደርግ ልጅ ነበርኩ። የዚያን ዕለት ገንፎዬን በጣቴ እየፈለቀቅኩ ስንጥሩን ስፈልግ ቀዘቀዘብኝ። ምንም አላገኘሁም። ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ፤ የማይታይ ስንጥር ነው ማለት ነው።

እኛ አገር ጠላ የሚቀዳ ሰው ለእንግዳው ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። «ንጹሕ ነው፣ ጠጡ» ማለቱ ነው። ወግ ስለሆነ ማንም አይቀየምበትም። አክስቴ ይህን ወግ አመጣችና በእኔ ምግብ ላይ አዋለችው።

«እስቲ ቅመሺላት» አለች፣ ብርቄ ገንፎውን ስታቀርብልኝ።

ብርቄ በደንብ የሰማች አልመሰላትም። «ምን አሉኝ እትዬ?»

«ቅመሺላት አልኩ። ምን ነውር አለው?»

ብርቄ አባቴን አየችው። አባቴ ጅራፉን እየገመደ ነበር፤ ቀና አላለም። ከገንፎው ቆረሰች፣ ቅቤ አስነካች፣ አክስቴን ዓይን ዓይኗን እያየች ቀስ ብላ ዋጠች። ከዚያ ገበታውን ወደ እኔ ገፋችው። በነጋታው እኔ ሆዴን ይዤ ስጠቀለል እሷ እንስራዋን አዝላ ወንዝ ወረደች፤ ምንም አልሆነችም!

«አየሽ?» አለችኝ አክስቴ። «ማርከሻ አላት።»

ማርከሻው የት እንዳለ ለማወቅ ያላደረግኩት የለም። የመቀነቷን ቋጠሮ ፈታሁ፣ የቅሉን ክዳን ከፍቼ አሸተትኩ፣ ትራሷን ዳሰስኩ። ኋላ ግን ደረስኩበት። ንቅሳቷ ነው! መርዙ ሲወርድ አንገቷ ላይ ያሉት ጥቁር መስመሮች ያግዱታል፤ እኔ ንቅሳት ስለሌለኝ ሰተት ብሎ ሆዴ ይገባል። ይህን እንዳወቅኩ ከምድጃው ጥላሸት አንሥቼ አንገቴን ዙሪያውን አሰመርኩና በኩራት ለምሳ ቀረብኩ።

ብርቄ ስታየኝ በሳቅ ፈረሰች። «ኧረ ሙሽራዋን እዩልኝ! ማን አስጌጠሽ?» እያለች ውሃ አምጥታ ታጥበኝ ጀመር።

«አታጥቢኝ!» ብዬ ጮህኩ። «መርዙ እንዳይወርድ ነው!»

እጇ አንገቴ ላይ ቆመ። ማን እንደነገረኝ አልጠየቀችም። ጥላሸቱን ቀስ ብላ አጥባ ጨረሰች፣ ፊቴን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና ወደ በረቱ ወጣች። ተከትያት በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት። ጀርባዋን ሰጥታ፣ ጎንበስ ብላ፣ ትከሻዋ ይርገበገባል። አንዳች ነገር የምትወቅጥ መሰለኝና ሮጬ ለአክስቴ ነገርኩ።

መስቀል አልፎ ውሃው ከሜዳው ሲሸሽ አክስቴ ጣራ ገዳም ጸበል ልትወስደኝ ተነሣች። ብርቄ ስንቃችንን ስታሰናዳ ሰነበተች። በሶውን በቅቤ አሸች፣ ዳቦ ቆሎውን ቆላች፣ ሁሉንም ስልቻ ውስጥ ቋጥራ «ምሕረቱን ያምጣላት» ብላ ሰጠችን። አክስቴ «አሜን» ብላ ተቀበለች። የርብን ድልድይ እንዳለፍን ግን ስልቻውን ፈታችና ያለውን ሁሉ ለአሞራ በተነችው።

«አክስቴ! በረሃብ እንሞታለን እኮ!»

«በረሃብ ብንሞት በእግዚአብሔር እጅ ነው» አለችኝና ባዶውን ስልቻ አራገፈችው።

አዲስ ዘመን ገበያ ሽምብራ ገዛች። ገዳሙ ደርሰን ጥዱና ወይራው መሃል ጥግ ይዘን ማለዳ ማለዳ በብርዱ ጸበል እጠመቃለሁ፤ ከዚያ የሽምብራ ቆሎ እቆረጥማለሁ። ሌሎቹ ጸበልተኞች ደጎች ስለነበሩ ዳቦ ይቆርሱልኛል። አክስቴ ግን ከማንም እጅ እንዳልቀበል አስምላኛለች። ማን ያውቃል፣ ይቺ ሰው እዚህም ዘመድ ይኖራት ይሆናል። ሽምብራ በላሁ፣ ሽምብራ አየሁ፣ ሽምብራ አለምኩ። ወር ሳይሞላ ሆዴ ረገበ። ተቅማጡ ቆመ። ከዛፍ ዛፍ መሮጥ ጀመርኩ፤ አንዲት መነኩሲት እንዲያውም «ይቺን ፌንጣ ያዙልኝ» ብለው ተቆጡኝ።

አክስቴ እልል አለች። ለሰው ሁሉ «ጸበሉ ነው!» ትላለች፤ ለእኔ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ስንቋን መጣሌም ነው» ትለኛለች። እውነቷን ነበር እኮ! ስንቁን መጣሏ በጅቶኛል። የሳተችው ለምን እንደበጀኝ ብቻ ነው።

ወረታ ስንመለስ ብርቄ እንዴት እንደሆነች ልነግራችሁ አልችልም። ከደጅ አንሥታ አቀፈችኝ፣ እግሬን ሳመችው፣ ጎረቤቱን ጠራችው። የስንዴ ድፎ ጋግራ ነበር፤ ጠረኑ ሰፈሩን ሞልቶታል። አባቴ ባርኮ ቆረሰው። ብርቄ ማንም ሳይጠይቃት ከእኔ ድርሻ ቆርሳ ጎረሰችና ለአክስቴ አፏን ከፍታ አሳየቻት። ሰዎቹ ሳቁ። እኔ ሽምብራ ያንገሸገሸኝ ልጅ ስለነበርኩ እስክጠግብ በላሁ፤ የተረፈውንም ወደ ጉያዬ ሸጎጥኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም። ከበፊቱ ብሶብኝ ወደቅኩ። ትናንት ዳቦውን የበሉት ጎረቤቶች ዛሬ ደጃችን ላይ ተሰብስበው ይንሾካሾካሉ። ከቤት ወጥታ ዳነች፤ ቤት ገብታ ታመመች። ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ያስፈልጋል? አንዱ «ደጃፉን ቆፍሩ፣ የቀበረችው ነገር ይኖራል» አለ። ተቆፈረ፤ አንድ አጥንት ወጣ። «ይኸው!» ብለው ጮሁ። አጥንቱ ላይ የውሻችን ጥርስ ምልክት ይታይ ነበር፤ ያንን ግን ማንም ልብ አላለም።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ብርቄ ትሂድ ተባለ። ያን ጊዜ አባቴ ከወራት በኋላ አፉን ከፈተ። «ሚስቴን ከማሰናበቴ በፊት ልጄን ጎንደር ሐኪም ይያት» አለ። አክስቴ «ሐኪም ስለ መርዝ ምን ያውቃል?» አለች፤ ቢሆንም አብራን መጣች። እኔን ለብቻዬ ከማንም ጋር አትተወኝም።

ሐኪሙ ነጭ ነው፤ በአስተርጓሚ ነው የሚናገረው። ሆዴን አንኳኳ፣ ምላሴን አየ፣ ከዚያ ምን እንደምበላ መጠየቅ ጀመረ። ጠዋት ምን? ማታ ምን? ከመቼ ጀምሮ? አክስቴ ተቆጣች።

«በማዕዳችን ምን አገባው? ለማን ሊነግር ነው?»

አባቴ ግን አንድ በአንድ ነገረው። ሐኪሙ እዚያው አስተኛኝ። እንቁላል፣ ወተት፣ የጤፍ እንጀራና ሙዝ ብቻ ትብላ አለ። ሙዝ ያየሁት ያኔ ነው፤ ከነልጣጩ ገምጬው አፌን አሰረኝ፤ መርዙ በመጨረሻ ደረሰብኝ ብዬ ጮህኩ። ሆኖም ቀን በቀን ተሻለኝ። ሥጋ አወጣሁ፤ ጉንጬ ሞላ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሐኪሙ ራሱ በእጁ ዳቦ አምጥቶ ሰጠኝ። ሲነጋ ሆዴ ተነፋ። አክስቴ ከመሬት ተነሣች።

«አላልኩም! ተማክረዋል! ይቺ ሰው እስከዚህ ድረስ እጇን ዘርግታለች!»

ሐኪሙ አስቀመጣቸውና በአስተርጓሚው አስረዳቸው። ማንም አልመረዛትም፤ ዓይንም አይደለም። ስንዴና ገብስ ሆዷን ያቆስሉታል። እነሱን ካልበላች እንደ ማንኛውም ልጅ ጤነኛ ናት። ጤፉንም ዳጉሳውንም ማሽላውንም ትብላ፤ ስንዴና ገብስ ግን ዕድሜ ልኳን አትንካ።

አባቴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አክስቴ ግን እስከ ወረታ ድረስ መኪናው ውስጥ ስትብከነከን መጣች። «ገብስ! ገብስ ሰው ሲያሳምም ማን አይቷል? ስንዴስ? የጌታ ሥጋ የሚሆንበት እህል ሕፃን ሊገድል? ሰውዬው ከቁርባን ሊያርቀን ነው፤ ሌላ አይደለም!» እኔም አመንኳት። ሙዙን የሰጠኝ እሱ ነዋ።

አባቴ ለሽማግሌዎቹ የሰማውን ነገራቸው። ሳቁበት። «አለነ፣ ሚስትህን ወደሃል መሰል» አሉት። እኛ ጎንደር ሳለን ብርቄ ወረታ ላይ ምን እንዳሳለፈች የተረዳነው ያኔ ነው። ሴቶቹ እሷ ከቀዳችበት ውሃ አይቀዱም፤ ከእሷ ጋር እሳት የሚጫጫር የለም፤ ልጆቻቸውን ሲያዩዋት ቀሚሳቸው ሥር ይደብቃሉ። ሽማግሌዎቹ ነገሩ እስኪጣራ አባቷ ቤት ትቆይ ሲሉ አልተከራከረችም። ጓዟን ጠቀለለችና እኔ ያለሁበት መጣች። ከአክስቴ ኋላ ተደበቅኩ።

«እናኑ፣ ሐኪሙ ያለውን ስሚ» አለችኝ ከቆመችበት። «ገብስ ከማንም እጅ አትብዪ። ከእኔም ቢሆን።»

ከዚያ ሄደች። ማጀቱ ወደ አክስቴ ተመለሰ። ጤፍ በልቼ ስከርም ደህና ሆንኩ፤ አክስቴም «አየህ አለነ? ሄደች፣ ዳነች!» እያለች አባቴን ታደርቀዋለች። አባቴ ጅራፉን አነሣ። ከብቱን ይዞ ወደ ሐይቁ ዳር ሣር ፍለጋ ወረደ። አክስቴ ያን ጊዜ ነው ልቧ የሞላው። መርዙ ከቤት ወጥቷል፤ እንግዲህ የሚያስፈራ ነገር የለም፤ ልጅ ደግሞ በጤፍ ብቻ አይጠናም። በገዛ እጇ ገብስ ፈጨች፣ በገዛ እጇ አጥሚት አፈላች፣ ማርና ቅቤ ጨመረችበት። ቀምሳ ሰጠችኝ። «ጠጪ የኔ አበባ። ይሄ የእኔ እጅ ነው።»

ጠጣሁ። በየጠዋቱ ጠጣሁ።

እንደዚያን ጊዜ ታምሜ አላውቅም። መቆም አቃተኝ፤ ውሃውንም ሆዴ አልይዝ አለ። አክስቴ መጀመሪያ ገብሱን የሸጠላትን ሰው ጠረጠረች፤ ከሌላ ሰው ገዛች። ውሃውን ጠረጠረች፤ ከሌላ ምንጭ ቀዳች። ማሩን ጠረጠረች፤ ደፋችው። ጎረቤቷን ጠርጥራ ደጁን ዘጋች። ቤት ውስጥ እሷና እኔ ብቻ ቀረን። አጠገቤ ተቀምጣ ግንባሬን ስታብስ ድንገት እጇን ሰበሰበች።

«እናኑ፣ ከማን እጅ ነው የበላሽው?»

«ካንቺ» አልኳት።

ከአጠገቤ ብድግ አለች። ከዚያ ነጠላዋን አንሥታ ወደ ንስሐ አባታችን ቤት ሄደች፤ ይዛቸው መጣች። እኔ የተኛሁ መስሏቸው አጠገቤ ነው የተነጋገሩት።

«አባ፣ የእኔ ዓይን ይሆን እንዴ? እኔው ነኝ ልጅቷን የምበላት? ይንገሩኝ፣ ገዳም ልግባ!» ትላለች፤ ታለቅሳለች።

«ሐኪሙ ያለሽን አድርገሻል?» አሏት አባ።

«አላደረግኩም።»

«ለምን?»

«ጠርጥሬው ነዋ!»

«ሰውን ሁሉ ጠረጠርሽ ስመኝ። እስቲ አንድ ጊዜ ራስሽን ጠርጥሪ።»

«ቁርባኑስ አባ? የስንዴውስ ነገር?»

«እሱን ለእኔ ተዪው፤ ከአባቶች ጋር እመክርበታለሁ። አንቺ አጥሚቱን ተዪ።»

ተወችው። ጤፍ ሰጠችኝ፣ ዳጉሳ ሰጠችኝ፣ ወተት ሰጠችኝ። ሰው ዳቦ ይዞ ደጃችን ከመጣ ከውጭ ትመልሰዋለች። ቀስ በቀስ ተነሣሁ። እኔ በዳንኩ ቁጥር ግን እሷ ከሳች። ደስ ይላታል ስል ጥግ ይዛ ትተክዛለች፤ እንዝርቷን አንሥታ ሳትፈትል ታስቀምጠዋለች። አባቴ ከሐይቁ ዳር ተመልሶ ደህና ሆኜ ሲያየኝ፣ አጥሚቱ ምን እንዳደረገኝም ሲሰማ ሚስቱን ሊመልስ በቀጥታ አንበሳሜ ገሠገሠ። ባዶ እጁን መጣ። የብርቄ አባት «ልጄን የከሰሰ አፍ ይምጣ» ብለው መልሰውታል። አክስቴ ይህን በሰማች በነጋታው በቅሎ አስጫነችና ከፊቷ አስቀመጠችኝ።

ሐሙሲት ላይ በቅሎዋን ውሃ አጠጣን። የመንገዱ ዳርና ዳር የሽምብራ እሸት ነበር፤ ሰው ሁሉ ይነቅላል፣ ይበላል፣ ይሳሳቃል። አክስቴ አላየቻቸውም። አንበሳሜ ደርሰን የብርቄ አባት አጥር ሲታይ ወረደች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አደገደገች፣ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ መረጠች። ትንሽ አልመረጠችም። ማጅራቷ ላይ አደረገችና ጎንበስ ብላ በሩ ላይ ቆመች። ድንጋይ ተሸክሞ የሚቆም ሰው ምን ሊል እንደመጣ በእኛ አገር ሕፃንም ያውቃል። ነገር ግን ታላቅ እህት ለወንድሟ ሚስት ስትሸከም አይቼም ሰምቼም አላውቅም።

ሽማግሌው አባት ወጥተው አዩአት። ግቢም ውጪም አላሏትም፤ ልጃቸውን ጠሩ። ብርቄ ግድግዳ ስትለስን ነበርና እጇ እንደተጨማለቀ መጣች።

«ብርቄ» አለች አክስቴ ከጎነበሰችበት። «በድዬሻለሁ። አንቺ አጎረስሻት እንጂ አልመረዝሻትም። ወረታን ሙሉ ያሳመንኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

«ድንጋዩን ያውርዱት እትዬ።»

«ይቅር ሳትይኝ አላወርድም።»

የአክስቴ ላብ ከአፍንጫዋ ጫፍ ይንጠባጠባል። በመጨረሻ ብርቄ በጭቃ እጇ ድንጋዩን አንሥታ መሬት አስቀመጠችው።

«ይቅር ብያለሁ። እግዚአብሔርም ይቅር ይበለን» አለች። «ወረታ ግን አልመለስም።»

«ምነው?»

«ዶሮ በሞተ ቁጥር፣ ልጅ ባለቀሰ ቁጥር እጄን እያዩ ልኖር ነው? እርስዎ ይቅርታ ጠየቁኝ፤ አገሩ አልጠየቀኝም።»

ብርቄ ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረች። ቁጢጥ ብላ በክንዷ ሆዴን በቀሚሴ ላይ ዳሰሰችው፤ እኔ ትንፋሼን ዋጥኩ።

«አሁንም ይነፋታል?»

«ድናለች» አለች አክስቴ። «ግን አልፎ አልፎ ይነሣባታል። ለምን እንደሁ እንጃ፤ እውነቴን ነው፣ ገብስ የሚባል አላስነካኋትም።»

«ጤፏን በምን ይፈጩላታል?»

«በወፍጯችን ነዋ።»

«የጠላውን ገብስስ?»

ቤታችን ውስጥ አንድ የድንጋይ ወፍጮ ነው ያለው።

«አለነ የሐኪሙን ቃል ከነገረኝ ጀምሮ እሱን ሳስብ ነው የከረምኩት» አለች ብርቄ። «ዱቄቱ ከድንጋዩ ጠባሳ መች ይወጣል? ለእሷ ለብቻዋ ወፍጮ ያስፈልጋታል። ሰፌዱም፣ ሌማቱም፣ ሁሉም።»

አክስቴ ብርቄን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ያን ዓመት ሙሉ እጇን ስታይ ከርማለች፤ ፊቷን ግን ያየችው ያኔ ይመስለኛል።

«እንግዲያው አንቺ ካልመጣሽ እሷ ትቅር» አለች።

ሽማግሌው «ምን አልሽ?» አሉ።

«ልጅቷን ለብርቄ ትቼ እሄዳለሁ። ወረታ ገበያ መሃል ቆሜ 'ልጄን ለብርቄ ሰጥቼ መጣሁ' እላለሁ። ያኔ ማን ምን እንደሚል አያለሁ! የአገሩን አፍ የምዘጋበት ሌላ የለኝም።»

ብርቄ አለቀሰች፤ እንባዋን ስታብስ ጭቃው ፊቷን ሁሉ አበላሸው። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። አክስቴ ጉንጬን ስማ፣ ምሳ ቅመሺ ቢሏት እምቢ ብላ በቅሎዋ ላይ ስትወጣ ነው የገባኝ። ከዓይንሽ አትለዪያት ካለችኝ ሴት ዘንድ ትታኝ እየሄደች ነው! ሮጥኩ። ከአጥሩ ወጥቼ መንገዱ ላይ ደረስኩባትና የእግር እርካቧን ጨመደድኩ።

«አክስቴ፣ አትተዪኝ! ትገድለኛለች!»

ብርቄም አባቷም ጎረቤቱም ሰምተዋል። አክስቴ ልጓሙን ሳበች።

«ማነው እንዲህ ያለሽ?»

«አንቺ ነሻ!»

ከበቅሎዋ ጎንበስ ብላ ጣቶቼን አንድ በአንድ ከእርካቡ አላቀቀቻቸው። እጇ እንደ እሳት ይፋጃል።

«ተሳስቼ ነው ያስተማርኩሽ» አለችኝ። «ተመለሺ። ወደ እናትሽ ተመለሺ።»

ዞር ሳትል ሄደች። በቅሎዋ ቁልቁለቱን ስትወርድ ጀርባዋን እያየሁ መንገዱ መሃል ቆምኩ። ብርቄ ልትይዘኝ አልመጣችም፤ አልጠራችኝም። ከበሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ማንም ሳይጎትተኝ፣ በራሴ እግር ተመለስኩ።